ኅዳር ሲመጣ ይወርዳል

ጌች ዱባይን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የገንዳ ውሃ ከተማን ሙሽሮች ግን ተራ በተራ ወደዚያ ሲልካቸው ኖሯል። ከኋላቸው አረንጓዴ ጨርቅ ይወጥራል፣ "ፈገግ በሉ፣ የባሕር ነፋስ እየመታችሁ ነው" ይላል፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ተጎልቶ ከሰማይ ጠቀስ ፎቅ አናት ላይ ያቆማቸዋል። ባጃጅ ነጂው በባሕር ዳርቻ ይሮጣል፤ የቀበሌዋ ገንዘብ ያዥ በደመና ላይ ትንሳፈፋለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከሙሽራው ኋላ ስታልፍ የተቀረጸች ፍየል ሳትቆረጥ ቀርታ አብራ ዱባይ ገባች። ቤተሰቡ ከፊልሙ ሁሉ አብልጦ የወደደው እሷን ነበር።

"ጌች ዲጂታል ሲኒማ" የሚለው ታፔላ ከክፍሉ ይሰፋል። ክፍሉ በሰሊጥ መጋዘንና በባጃጅ ጋራዥ መካከል የተሸጎጠ ቆርቆሮ ነው። የቆላው ሙቀት ሲበረታ ላፕቶፑ እንደ አራሽ በሬ ያለከልካል፤ ጌች እርጥብ ፎጣ ከሥሩ ያነጥፍለታል። ለራሱ ያነጠፈው ፎጣ የለም።

በግንቦት ምስራቅን ዳረ፤ በካሜራው ማለት ነው።

ምስራቅ በጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። የከተማው ሕፃን ግማሹ ዓለምን መጀመሪያ ያየው በእሷ እጅ ላይ ሆኖ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። መምህር ታጠቅን ስታገባ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠጁ ተጥሎ፣ ሁሉ ነገር ሞልቶ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቷ። አያ አዱኛ በአብርሃ ጅራ በኩል ሰሊጥ ያርሳሉ። ሰርጉ ሲቃረብ መንገዱ ተዘጋ። መንገድ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዚያ አገር የለም፤ ዝናብ ለምን ጣለ እንደማለት ነው። "ነገ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል" ሲባል ነገ የተባለው ቀን ሰርጉን አስከትሎ መጣ።

ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ትስማለች፣ አባት ይመርቃል። ሳትመረቅ የወጣች፣ ወጣች አይባልም። አጎቷ ማተቤ "እኔስ አባትሽ አይደለሁ?" ብሎ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ምስራቅ ክንዱን ይዛ አስነሣችው። ባለፈው ዓመት አባቷ ለስኳራቸው ሕክምና መጥተው የረሱትን ጋቢ አወጣችና ባዶውን ወንበር አለበሰችው። ተንበረከከች። ጉልበታቸው ሊሆን በሚችልበት ቦታ ጋቢውን ሳመች። እልልታው ባለበት ቆመ፤ ከበሮ መቺዋም እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ቀረች። ጌች በካሜራው ቀዳዳ እያየ ምስሉ ደበዘዘበትና ሌንሱን ወዲያና ወዲህ አዞረው። ሌንሱ ምንም አልሆነም ነበር።

ማታ ኔትወርክ ሲመጣ አባቷ ጋ ደወለች።

"አባባ፣ ጋቢዎን ስሜ ወጣሁ። በሉ አሁን በስልኩ ይመርቁኝ።"

"እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" አሉ አያ አዱኛ። "ምርቃቱን ግን ሳይ ነው።"

"እንዴት አባባ?"

"እኔ ስንት ዘመን ሰሊጥ ስሸጥ፣ ሚዛኑ ፊት ቆሜ በዓይኔ ሳላይ 'ተስማምቻለሁ' ብዬ አላውቅም። አንቺ ከሰሊጥ ታንሻለሽ? ያ ባለ ካሜራ ልጅ ፊልሙን ያምጣልኝ። ጉልበቴን ስትስሚ አያለሁ፣ አፌን ሞልቼ እመርቅሻለሁ። ምርቃት በወሬ አይሆንም።"

እንዲህ ሆነና የምስራቅ ምርቃት በጌች ላፕቶፕ ውስጥ ታስሮ ቀረ።

ሥራው ቀላል ነበር። ቢፈልግ በሳምንቱ ቆራርጦ፣ ዘፈን አልብሶ፣ መንገዱ የተከፈተ ዕለት ይልከው ነበር። ዳሩ ግን ለጌች አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ባይመጣለት ይሻል የነበረ ሐሳብ። አያ አዱኛን ከባዶው ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው ፈለገ። አምና በሌላ ሰርግ ላይ ያንኑ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ቀርጿቸው ነበር። እሱን ምስል በጥንቃቄ ፈልቅቆ አውጥቶ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ እጃቸውን ከልጃቸው ፀጉር ላይ ሊያሳርፍ አሰበ። ሽማግሌው ራሳቸውን በልጃቸው ሰርግ ላይ ሲያዩ ምን እንደሚሉ እያሰበ ብቻውን ይስቅ ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ ለምስራቅም። ድንገቴ ነዋ!

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ ሲመጣ ተቆጥቶ መጣ። ከላፕቶፑ ሁለት ራሞች ትልቋ ተቃጠለች።

ራም ማለት የኮምፒውተር የሥራ ጠረጴዛ ነው። መጋዘኑ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጦ መሥራት አይቻልም። በተረፈችው ትንሽ ራም ላፕቶፑ ዘፈን ያጫውታል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አያ አዱኛን ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ግን ደርቆ ይቀራል። አንድ ቀን ባርኔጣቸው ብቻ ወንበሩ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ሌላ ቀን ከወገባቸው በታች ተቀምጠው ከወገባቸው በላይ እምቢ አሉ።

በመስከረም ጎንደር ያለ ዕቃ ሻጭ ጋ ደወለ። በግንቦት የዶሮ ዋጋ የነበረችው ራም የጠቦት ዋጋ ሆና ጠበቀችው። ይህ መደበቅ የለበትም፤ ያን ጊዜ ሊገዛት ይችል ነበር። ኪሱ ያማል እንጂ አይሞትም። ነገር ግን ስልኩን ዘግቶ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ሰሊጥ ደላላው ወደ ሰጠኝ መጋዘን ብቅ አለ።

"ጋሼ ሰጠኝ፣ አንድ ዕቃ ዋጋው ወጣብኝ።"

"የምን እህል ነው?"

"እህል አይደለም። የኮምፒውተር ነው።"

"ይሁና! የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም? እንግዲያ እህል ነው።" ሰጠኝ ከጆንያው ላይ ሳይነሳ ሰሊጥ ከእጁ ወደ እጁ አንቆረቆረ። "በመስከረም ምን ርካሽ አይተህ ታውቃለህ? ሰው ጎተራው ባዶ ነው። አዝመራው ሲገባ ከላይ አገር ስንት ከባድ መኪና ሰሊጥ ሊጭን ይወርዳል፤ ባዶውን ይመጣል እንዴ? ዕቃ ጭኖ ነው የሚመጣ። ያን ጊዜ እያማረጥህ ትገዛለህ።"

ጌች ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ሁለት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሮ በካሜራ ፍቅር ያቋረጠ ነው። የተማረው ሁሉ ግን በዚያች ሰዓት ከጆንያው ሥር ተኛ። የቆላ ልጅ ነውና፤ በቆላ ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በሰሊጥ መሰላል ነው። ጤፉ፣ ፍየሉ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሚስት መፈለጉ ሳይቀር አዝመራን ጠይቆ ይሄዳል።

ኅሊናው እንዲያርፍ አያ አዱኛ ዘንድ ደወለ።

"አባቴ፣ ፊልሙ ዘገየብዎ። አንድ ዕቃ ተቃጥሎብኝ ነው። ልግዛ ብል ተወደደ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው የተወደደ?"

"ከክረምቱ ወዲህ ነው።"

"ሞኝ ነህ አንተ ልጅ? በመስከረም የሚገዛ የቸኮለ ነው። እኔ ልምከርህ፤ ኅዳር ሲመጣ ሁሉም ይወርዳል። ለእኔ ብለህ በውድ ገዝተህ ኋላ ዕዳ ውስጥ ትገባና የእኔ ልጅ ምርቃት የሰው እንባ ይንካው? ተው። እጠብቃለሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ቀለል አለ። "የዘንድሮን ሰሊጥ ባየኸው። አበባው ነጭ፣ ንብ ሞልቶበት! ስመለከተው እውላለሁ፤ ሥራ እንደፈታ ሰው።"

ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ? ባለጉዳዩ ራሱ ጠብቅ ብሎታል። ጌች ያን ቀን እንቅልፍ ተኛ።

የማትጠብቀው ምስራቅ ነበረች። ከጤና ጣቢያ ስትወጣ በር ላይ ትቆማለች። ነጭ ገዋኗ ከፊት ለፊት በየጊዜው እያጠረ ሄደ፤ የጌችን መዘግየት ከሰዓት ይልቅ የሚቆጥረው ሆዷ ነበር።

"ጌችዬ፣ ደረሰ?"

"ትንሽ ነው የቀረው ምስሬ።"

"ይኸ 'ትንሽ' የሚሉት ነገር እንዴት ያለ ሰፊ ነው!"

በጥቅምት አንድ ቀን ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀልድ ከፊቷ ላይ አልነበረም።

"ስማ፣ እኔ የስንቱን ሴት ልጅ አዋልጃለሁ። 'አይዞሽ፣ ምንም የለም፣ ግፊ' እላለሁ። ለራሴ ግን ፈራሁ። ሳልመረቅ ልወልድ ነው። ሳቅብኝ ከፈለግህ።"

ጌች አልሳቀም።

"ዘፈኑ ይቅር፣ ዱባዩ ይቅር፣" አለች። "ጥሬውን ስጠኝ። ወንበሩን የሳምሁበትን ብቻ። ታጠቅ ወደ አባባ አገር በሚሄድ መኪና በተማሪ እጅ ይልክልኛል፤ እዚያ ቴሌቪዥን ያለው ሰው አይጠፋም።"

ጌች ላፕቶፑን አየ። ጥሬው ምስል እዚያው ነበር፤ በፍላሽ ገልብጦ ለመስጠት አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ አይፈጅም። ነገር ግን ጥሬው ላይ ወንበሩ ባዶ ነው። የወራት ድንገቴው ሁሉ በባዶ ወንበር ሊያልቅ ነው።

"ያልተበጠረ ሰሊጥ ለገዥ ይታያል እንዴ?" አላት። "አባትሽ አንድ ጊዜ ነው የሚያዩት። አምሮ ይዩት። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው እጠብቃለሁ ብለውኛል፤ ደውለሽ ጠይቂያቸው። ኅዳር ሲመጣ ይወርዳል።"

ደውላ ጠየቀች። አባቷም "ልጁን አታጣድፊው፣ ልክ ነው፣ ይወርዳል" አሏት። ሁለት ወንድ በአንድ ቃል ከተስማማ ሴት ምን ትናገራለች?

ኅዳር መጣ። ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች፣ በየዓመቱ ለአጨዳ የሚመጡት የጎጃምና የወሎ ልጆች፣ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከተማውን ሞሉት። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ቆመ፤ ደርቆ ተራገፈ። ከባድ መኪናዎች መጡ። ሰጠኝ እንዳለውም ባዷቸውን አልመጡም፤ ፕላስቲክ ወንበር፣ ሳሙናና ፍራሽ ጭነው መጡ። ጌች ጎንደር ደወለ።

ሙክት ሆናለች። ራሟ።

"እንዴ! አዝመራው ገብቶ የለም እንዴ?" አለ ጌች።

"የምን አዝመራ?" አለ ሻጩ። "ወንድሜ፣ ታምመሃል? ዛሬ ግዛ፤ ነገ ይብሳል።"

ጌች ግን የሻጭ ነገር መሰለው። ሁሉም ሻጭ ነገ ይብሳል ይላል። ትንሽ ቢታገሥ ነው። ወደ አያ አዱኛ ሲደውል ሽማግሌው ስልኩን ለማንሣት ቆዩ።

"አባቴ፣ እንዴት ነው አጨዳው?"

"ሂላው ሞልቷል ይሉኛል።"

"ፍሬውስ?"

"ጥሩ ነው ይላሉ። ያችስ ዕቃ?"

"ገና ነች። ትንሽ ብታገሥ ይሻላል መሰለኝ።"

"ታገሥ። ገበያ የሚረታው ታጋሽን ሳይሆን ችኩልን ነው።" ከዚያም "ልጄ ደህና ናት? ሆዷ ገፋ አሉኝ" አሉ።

አሉኝ። ይሉኛል። ይላሉ። በዓይናቸው ሳያዩ ስለ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ የማይመሰክሩት ሰው በአንድ ስልክ ስንቴ በሰው አፍ ተናገሩ? ጌች ይህን ያሰበው በጣም ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ሐሳቡ የነበረው ሙክቱ ላይ ነበር።

በጥር መጀመሪያ ትዕግሥቱ አለቀና መተማ ዮሐንስ ወረደ። ከድንበሩ ድልድይ ወዲህ፣ የሱዳኗን ጋላባት ፊት ለፊት በምታይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሳሊም የሚባል ሱዳናዊ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጦርነቱ ሳያባርረው በፊት ካርቱም ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ ነበረው ይባላል። አሁን ከኋላው የተደረደሩት ያረጁ ላፕቶፖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ሻንጣ ድልድዩን ተሻግረው ለዳቦ የተሸጡ።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ትዘገያለህ!" አለው ሳሊም በተሰባበረ አማርኛው። "በመስከረም የት ነበርህ?"

"ኅዳርን ስጠብቅ።"

"ኅዳር ምን አለ?"

ጌች ስለ አዝመራው፣ ስለ ጋሼ ሰጠኝ፣ ስለ አያ አዱኛ ነገረው። ሳሊም መፍቻውን አስቀመጠ። መጀመሪያ የሚስቅ መስሎ ነበር፤ አልሳቀም።

"ስማኝ። በሩቅ አገር ሀብታም ሰዎች አሉ። የሚያስብ ማሽን ይሠራሉ፤ ጥያቄ ስትጠይቀው የሚመልስ። እሱ ማሽን ራም ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም። ሰዎቹ ገበያ አይጠብቁም። ፋብሪካው ገና ሳይሠራው ይከፍላሉ። የዘንድሮውን፣ የሚመጣውን ዓመት፣ ሁሉንም። ወላሂ፣ ለእኔና ለአንተ የሚተርፈው ከጠረጴዛ የወደቀ ነው።"

ጌች ክው አለ። ይህንን የትኛውም የቆላ ሕፃን ያውቀዋል። ባለሀብት መጥቶ ሰሊጡን ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ አበባ ሳለ፣ ጠቅልሎ የገዛው እንደሆነ ያን ዓመት ኅዳር ቢመጣ ምን ይወርዳል? የሚወርድ ሰሊጥ ገበያ አልመጣማ! ያን ሁሉ ወር በትክክለኛ ሚዛን የተሳሳተ ዕቃ ሲመዝን ኖሯል።

ሳሊም አንዱን ላፕቶፕ ገልብጦ ከፈተና አንዲት ራም ነቅሎ በሸሚዙ ጠርዝ ጠራረጋት።

"የማን ነበረች?" አለ ጌች፣ ለምን እንደጠየቀ ሳያውቅ።

"የሐኪም። አሁን የስደተኛ መጠለያው ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ይመጣል፤ ላፕቶፑን ያየዋል፣ ይሄዳል። አልሸጥሁትም እለዋለሁ።" ሳሊም ክዳኑን መልሶ አሰረ። "እውነቴን ነው። አልሸጥሁትም። ውስጡ ብቻ አለቀ።"

ጌች የሁለተኛ ካሜራውን ሌንስ አስረክቦ ራሟን ይዞ ተመለሰ። ላፕቶፑ ውስጥ ስትገባ ያ ሁሉ ወር የተገተረው ሥራ እንደ ውሃ ወረደ። አያ አዱኛ ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ጉልበታቸውን ስትስም እጃቸው ዝቅ ብሎ ፀጉሯን ዳሰሰ። ጌች በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ሰጠኝ ሳይቀር ከመጋዘኑ ተጠርቶ መጥቶ አየና "ሰውየው ሰርጉ ላይ ነበሩ እንዴ? እኔ ለምን አላየኋቸውም?" አለ።

መንገዱ ተከፍቷል። ምስራቅ ቀኗ ስለገፋ መሄድ አትችልም። ጌች በሰሊጥ ጫኝ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሲሳፈር በመስኮቱ በኩል እጁን ይዛ "ሲመርቁኝ ቅረጻቸው፤ ፊታቸውን፣ እሺ? ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ" አለችው።

በአብርሃ ጅራ የአያ አዱኛ እህት እትዬ ሀብትነሽ አጥሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። "ባለ ካሜራው አንተ ነህ? ግባ። ብዙ አታናግረው፣ ደክሞታል" አሉት ቀስ ብለው።

ሽማግሌው ከሣር ዳሱ፣ ከራኩባው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ከጌች እጅ ትንሽ ወዲያ ሄዶ ነበርና ጌች ጎንበስ ብሎ ያዘው።

"እንዴት ነህ አንተ ልጅ! ከሳህ ወይስ ወፈርህ?"

የአገር ሽማግሌ "ከስተሃል" ይላል እንጂ አይጠይቅም። ጌች ግን ቸኩሏል። ላፕቶፑን በሰሊጥ ጆንያ ላይ አስቀመጠ፣ ካሜራውን በእግሩ አቁሞ ወደ ሽማግሌው ፊት አዞረ፣ ፊልሙን ከፈተ። ከበሮው ተመታ፤ አያ አዱኛ በዜማው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ይኸ የማተቤ ድምፅ ነው!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። እልልታው ቆመ። ጌች ወደ ፊልሙ አላየም፤ የወራት ደመወዙ የሽማግሌው ፊት ነበርና እሱን አየ።

መጀመሪያ የጮኹት እትዬ ሀብትነሽ ናቸው። "በስመ አብ! አንተ አዱኛ፣ አንተ..." አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ።

"ምነው?" አሉ አያ አዱኛ።

"ም... ምንም። ልጅቱ አምራ ነው።"

"አምራለች እንጂ።" አያ አዱኛ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ወደ ፊታቸው ተመለከቱ። "አየሁ። አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ጋቢዬ ብቻ ተነጥፎበታል። ይኸው ልጄ ባዶ ወንበር ሳመች።" እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ጌች ወደ ላፕቶፑ ዞረ። እዚያ ወንበሩ ባዶ አልነበረም። እዚያ አያ አዱኛ ጋቢያቸውን ለብሰው የልጃቸውን ፀጉር ይደባብሳሉ። ወዲህ ያሉት አያ አዱኛ ደግሞ ከላፕቶፑ ፈንጠር ብሎ ያለውን የጆንያ ማዕዘን ያያሉ። የሚያዩት ግን ማዕዘኑንም አልነበረም።

እትዬ ሀብትነሽ ከወንድማቸው ኋላ ቆመው ጌችን በዓይናቸው ለመኑት። መናገርም አላስፈለገም፤ ሽማግሌው አላየሁም ካሉ ምርቃት የለም፣ ልጅቱም ልትወልድ ነው። በሕይወታቸው አንድ ቀን ሳያዩ አየሁ ያሉት ያን ዕለት ነበር።

አያ አዱኛ ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ሞሉ፦

"ልጄ ምስራቅ። የሰሊጥ ፍሬ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ነው የምትቆም፤ ቤትሽም እንዲሁ ወደ ላይ የተከፈተ ይሁን። ገልባጭ አይምጣበት። ያረገዝሽው በሰላም ይውጣ፤ እናቱን ይምሰል፤ አያቱን ይጡር። ዓይንሽ ክፉ አይይ። ያለፍሽበት መንገድ አይዘጋብሽ። ይኸው በዓይኔ አይቼ መረቅሁሽ።"

"አሜን" አሉ እትዬ ሀብትነሽ። ጌች ካሜራውን አጠፋ።

ዕቃውን ሲጠቀልል አያ አዱኛ ጠሩት።

"አንተ ልጅ። ያች ዕቃ ወረደች?"

ጌች ቆመ። ሙክቷን አሰበ፤ ሌንሱን፣ ላፕቶፑን እያየ የሚመለሰውን ሐኪም።

"ወረደች አባቴ።"

"በኅዳር?"

"በኅዳር።"

"አላልሁህም!" ሽማግሌው በደስታ ጭናቸውን መቱ። "አላልሁህም! ሰው ሽማግሌ አይሰማም እንጂ!"

አጥሩ ጋ ሲሸኙት እትዬ ሀብትነሽ ነገሩት። ዓይናቸውን የወሰደው ስኳሩ ነው። ለምስራቅ እንዳትናገሪ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደንግጣ ልጁን ታጣዋለች ብለው አስምለዋቸዋል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ጨርሶ የሄደበት ኅዳር ላይ ነው፤ አጨዳው መሃል። በመስከረምማ ያይ ነበር እንጂ። የሰሊጡን አበባ ቆሞ ሲያይ ይውል የለም?"

ጌች ይህን ተሸክሞ ገንዳ ውሃ ገባ። ሱቁን ከፍቶ የምርቃቱን ምስል ላፕቶፑ ላይ ዘረጋ። አሁን ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ ምንም አይደርቅም። ሁለቱን ዓይኖች ለብቻቸው ያዛቸውና ትንሽ ወደ ቀኝ አመጣቸው። ሠራለት። አያ አዱኛ ቀጥ ብለው፣ ልክ ልጃቸውን እንደሚያይ አባት፣ ተመለከቱት። ጌች የሠራውን ለረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ደመሰሰውና ጥሬውን እንዳለ ያዘ።

ምስራቅ ወልዳ ተኝታለች፤ ሴት ልጅ። ታጠቅ ለጠያቂው ሁሉ ገንፎ እያቀረበ ጉድ ጉድ ይላል። ጌች ላፕቶፑን ከአልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠ።

"አቀናበርኸው?" አለችው።

"ጥሬውን ነው ያመጣሁልሽ።"

ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ሰማች። በእያንዳንዱ ቃል አሜን ስትል ነበር፤ መሃል ላይ አሜኗ ቆመ። ሥራዋ ነው፤ የስንቱን በሽተኛ ዓይን በባትሪ ስታይ ኖራለች።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች፣ ከላፕቶፑ ሳትዞር።

"ከኅዳር።"

ሕፃኗ ተነጫነጨች። ምስራቅ ጡቷን ሰጠቻት።

"በጥቅምት ጥሬውን ስጠኝ ብዬህ ነበር።" ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

"ብለሽኝ ነበር።"

"ድገመው።"

ጌች መልሶ ከመጀመሪያው ከፈተው። ሽማግሌው ተነሡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከላፕቶፑ ግራ በኩል ወዳለው ባዶ ግድግዳ እያዩ "ልጄ ምስራቅ" አሉ። ምስራቅ ወገቧን እየደገፈች ከአልጋዋ ወረደች። "ኧረ ተኚ፣ አራስ አይደለሽ!" ቢላት ታጠቅ አልሰማችውም። ልጇን አቅፋ ወደ ግራ ሄደችና አባቷ በሚያዩበት ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ተንበረከከች።